ሸለመ፥ ሽልማት፦ በወርቅና በዕንቍ ስለ ማስጌጥ የሚነገረው ቃል

ከሐዋሳ ከተማ በምናስተላልፈው በዚህ ትምህርታዊ ዝግጅት ዛሬ የምንመረምረው ቃል ሁላችሁም የምታውቁት፥ በየትምህርት ቤቱ የዓመት መዝጊያ በዓል፥ በየስታዲየሙና በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ሳይነገር የማይቀረው «ሸለመ» የሚለው ግስና ከእርሱ የሚወጣው «ሽልማት» የሚለው ስም ነው። አንደኛ የወጣ ተማሪ መጽሐፍ ሲሸለም፥ ትጉህ ሠራተኛ የምስክር ወረቀት ሲሸለም፥ ያሸነፈ ቡድን ዋንጫ ሲሸለም እየሰማን ስላደግን፥ ቃሉ ከዚህ ሌላ ትርጓሜ ያለው አይመስለንም። ነገር ግን በቀደሙት አባቶቻችን አነጋገር ሸለመ ማለት ሰውን ወይም ፈረስን፥ ቤተ መቅደስን ወይም መጽሐፍን በወርቅና በብር፥ በዕንቍና በሐር ማስጌጥ፥ ውበትና ግርማ ማልበስ ማለት ነበረ፤ ይህም ፍቺው ከአፋችን ራቀ እንጂ ከመጻሕፍታችን አልወጣም።

ነገሩ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው እንዳይመስላችሁ፥ ፍቺውን ያላወቀ ሰው በንባብ ጊዜ የሚያገኘውን እንቅፋት አስቀድሜ ላሳያችሁ። የሐዋርያው የጴጥሮስ አንደኛ መልእክት በሦስተኛው ምዕራፍ ስለ ሴቶች ሲናገር፥ የጠጕር ሹሩባንና የወርቅ ጌጥን፥ ያማረ ልብስንም በአማርኛው «ሽልማት» ይላቸዋል፤ የዮሐንስም ራእይ በ21ኛው ምዕራፍ ከሰማይ የምትወርደውን ቅድስት ከተማ በሙሽራ መስሎ «የተሸለመች» ይላታል። ዋንጫና የምስክር ወረቀት ብቻ በልቡናው ያለ ወጣት ይህን ሲሰማ፥ ሙሽራይቱ በምን ውድድር አሸንፋ ምን እንደ ተሰጣት ይጠይቃል እንጂ፥ ከራስ ጠጕሯ እስከ እግር ጥፍሯ ተውባ መቅረቧን ሊያስተውል አይችልም። የምሥጢሩ ቍልፍ ያለው ግን በዚህች በአንዲት ቃል ውስጥ ነው፤ ከዚያው ምዕራፍ ዝቅ ብሎ የከተማይቱ ቅጥር መሠረቶች በዐሥራ ሁለት የከበሩ ድንጋዮች ማጌጣቸው ሲነገር፥ ያ ሁሉ ዝርዝር የዚያችው የሙሽራይቱ ሽልማት ሐተታ ነውና።

ልሳነ ግዕዝ ለዚህ ነገር የራሱ ቃል አለው። ሰርገወ ማለት አስጌጠ፥ አሳመረ፥ ሸለመ ማለት ነው፤ ጌጡ ራሱ ሰርጕ ይባላል፤ ያጌጠው ወንድ ስርግው፥ ያጌጠችው ሴት ስርጉት ትባላለች። ስርጉት በሚለው ስም የምትጠራ እናት ወይም እኅት በጎረቤታችሁ አትጠፋምና፥ ወላጆቿ ስሙን ሲያወጡላት «የተሸለመች» ማለታቸው እንደ ሆነ ዛሬ ብትነግሯት ደስ ይላታል። ሰርግ የምንለውም ቃል በድምፁም በትርጓሜውም ከዚህ ግስ አጠገብ የሚቆም ነው፤ ምክንያቱም በአገራችን ሥርዓት ሰርግ ያለ ሽልማት፥ ሙሽራም ያለ ጌጥ ታይተው አይታወቁም። በዚህ በከተማችን እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ ሙሽሮቹ ከነሚዜዎቻቸው ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው ፎቶግራፍ ሲነሡ፥ በአንገት ያለው ሐብል፥ በጆሮ ያለው ጉትቻ፥ በእጅ ያለው አምባር በፀሐይ ሲያብረቀርቅ የተመለከተ ሰው፥ «ሙሽራይቱ ተሸልማ ወጣች» ቢል ያረጀ ቃል ተናገረ ሊባል አይገባውም፤ በትክክል ተናገረ እንጂ።

ፍቺውን ከምንጩ ማየት የምትፈልጉ አድማጮች ሁለት መዛግብተ ቃላትን ብታገላብጡ መልካም ነው። አንደኛው መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት፥ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን የፈጁበት፥ ከእርሳቸውም ዕረፍት በኋላ የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት ያበቁት፥ በ1948 ዓ.ም. የታተመው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነው፤ ሁለተኛው ራሳቸው ደስታ ተክለ ወልድ አዘጋጅተው በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው። ሦስት ትውልድ መምህርና ተማሪ እየተቀባበለ የጨረሰው ሥራ በየቤቱ መደርደሪያ ሊኖር የሚገባው መሆኑን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

እንግዲህ ጥያቄው፥ የጌጥ ስም የነበረው ሽልማት እንደ ምን የድካም ዋጋ ስም ሊሆን ቻለ የሚለው ነው። መልሱ በቤተ መንግሥት ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። በቀድሞው ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ በጦር ሜዳ ጀብዱ የፈጸመውን አርበኛ ወይም ታማኝነቱን ያስመሰከረውን መኰንን ሊያከብር ሲፈቅድ፥ የሚሰጠው ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አልነበረም፤ በሰውነት ላይ የሚዋል ነበረ እንጂ። ለክንዱ በወርቅ ወይም በብር የተሠራ ቢተዋ፥ ለትከሻው ለምድ፥ ለወገቡ ሰይፍ፥ ለግራ እጁ በብር የተለበጠ ጋሻ፥ ለከፍተኛውም ማዕርግ ለራሱ ራስ ወርቅ ይሰጠው ነበር፤ ዝሆን የጣለ አዳኝም በጆሮው ላይ በሚያንጠለጥለው ሎቲ ይታወቅ ነበር። በቅሎውም ብትሆን በወርቅ ክር የተጠለፈ ግላስ ለብሳ፥ ከጌታዋ እኩል ተሸልማ ትታይ ነበር። ስለዚህ ንጉሡ «ሸለመው» ሲባል፥ ዋጋውን ሰጠው ማለትና አስጌጠው ማለት አንድና ያው ነገር ነበሩ፤ ሰውዬውም በአደባባይ ሲያልፍ ክብሩን የሚያየው ሁሉ በአንገቱና በክንዱ ላይ ያነበው ነበር። ሹመት ሽልማት እያልን ሁለቱን ቃላት ዛሬም አጣምረን የምንናገረው ከዚሁ ሥርዓት የወረስነው ነው። ዋጋው ወደ ጥሬ ገንዘብ፥ ወደ ዋንጫና ወደ ወረቀት በተለወጠ ጊዜ ግን ቃሉ ከስጦታው ጋር ሄደ፤ ጌጡ ወደ ኋላ ቀረ።

ሁለቱ ትርጓሜዎች እንደገና የተገናኙበት አንድ ታላቅ ቀን አለ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ድል ሲያገኝ፥ የዚያ ኦሊምፒክ ሜዳሊያ እንደ ቀደሙት የበጋ ኦሊምፒኮች በእጅ የሚሰጥ ሳይሆን፥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰንሰለት ተደርጎ በአሸናፊው አንገት ላይ እንዲጠለቅ የተሠራ ነበረ። እግሩ ጫማ ያልነበረው ኢትዮጵያዊ በአንገቱ ወርቅ ማጥለቁ፥ ያውም በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ባገኘው ድል፥ በቃሉ በሁለቱም ፍቺ «ተሸለመ» የሚያሰኝ ነው፤ ዋጋ አገኘ፥ ደግሞም አጌጠ። እኔ ለዚህ ግስ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅለትም።

ዕንቁጣጣሽን ካነሣን ዘንድ፥ ይህ የዘመን መለወጫችን ስም ራሱ የከበረ ድንጋይ ወሬ በውስጡ ያለው መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት፥ ንግሥተ ሳባ ከኢየሩሳሌም በተመለሰች ጊዜ «ዕንቍ ለጣጣሽ» ተብሎ ዕንቍ ቀረበላት፤ ስሙም ከዚያ ቀረ ይባላል። ትውፊቱን እንደ ትውፊት እንቀበለው፤ ስሙ ግን ምንጩ ምንም ቢሆን ዕንቍን ከክብርና ከደስታ ጋር ያያያዘ ሕዝብ ስም ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ዕንቈ ባሕርይ የሚለውን ስም ለእመቤታችን የምትሰጠው፥ ክብረ ነገሥትም በአዳም ውስጥ ተሰውሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለ ተላለፈው ዕንቍ የሚተርከው በዚሁ መንፈስ ነው። በየቀበሌያችን ዕንቍነሽ፥ ሉል፥ አልማዝ፥ ወርቅነሽ፥ ጌጤ የሚባሉትን ሴቶች ብንቈጥር፥ አማርኛ የሚወደውን ሰው በምን እንደሚሸልም እናውቃለን።

አሁን ደግሞ ከ«ሸለመ» ጎን የሚቆሙትን ግሶች እንለይ፤ ሰዎች እያቀላቀሉ ይናገሯቸዋልና። አስጌጠ ከሁሉ ሰፊው ነው፤ ቤትንም በቀለም፥ ጠረጴዛንም በአበባ፥ ንግግርንም በምሳሌ ማስጌጥ ይቻላል። ለበጠ ማለት አንዱን ነገር በሌላው በከበረው መሸፈን ነው፤ በወርቅ የተለበጠ መስቀል ውስጡ ነሐስ ወይም እንጨት ሊሆን ይችላል፤ ሲፋቅ ደግሞ ውስጡ ይታያል። አሸበረቀና ተንቆጠቆጠ የሚሉት ለተመልካቹ ዓይን የሚነገሩ ናቸው፤ ጌጡ ማብረቅረቁን፥ መብዛቱን፥ ዓይን መሳቡን ይናገራሉ እንጂ ማን ለማን ስለ ምን እንዳደረገው አይናገሩም፤ አንዳንድ ጊዜም ከልክ ማለፉን የሚነቅፍ ቃና አላቸው። ሸለመ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ክብርን በውስጡ በመያዙ ነው። የተሸለመ ሰው ለማዕርጉ፥ ለበዓሉ ወይም ለደስታው የሚገባውን የለበሰ ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤል ታቦት በከተማችን ሲወጣ፥ ካህናቱ ካባቸውን ደርበው፥ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላዎቹ ተዘርግተው ሲታዩ፥ «ካህናቱ ተንቆጠቆጡ» የሚል ሰው ነገሩን አሳንሶታል፤ «ተሸልመው ወጡ» ሊል ይገባዋል። እንዲሁም የሲዳማ ሕዝብ በጉዱማሌ አደባባይ የፊቼ ጫምባላላን በዓል ሲያከብር፥ አያንቶ የሚባሉት ጠቢባን ከዋክብትን ቈጥረው ባስታወቁት ቀን ሽማግሌዎችና ወጣቶች በባህል ልብሳቸው አምረው ቄጣላ የሚባለውን ባህላዊ ጭፈራ እየጨፈሩ ሲመጡ፥ ለዚያ ሰልፍ ከአማርኛ ቃላት ሁሉ የሚስማማው ይኸው ነው። ያ በዓል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የሰፈረ ስለ ሆነ፥ የሚጻፍለትም አማርኛ የተመረጠ ሊሆን ይገባዋል።

በሰዋስው በኩል አንዲት ትንሽ ፊደል ሁለቱን ፍቺዎች ለይታ ታሳያለች። «ንጉሡ አርበኛውን ቢተዋ ሸለመው» ብንል፥ ቢተዋው የተሰጠው ነገር ነውና ሚዛኑ ወደ ስጦታ ያደላል፤ «ንጉሡ ንግሥቲቱን በዕንቍ ሸለማት» ብንል ግን፥ «በ» የምትለዋ መነሻ ዕንቍን መሣሪያ አድርጋ፥ ንግሥቲቱን ራሷን የሥራው ማረፊያ ታደርጋታለች፤ እንግዲህ ሚዛኑ ወደ ማስጌጥ ያዘነብላል። ዛሬ ይህ ልዩነት በሁሉ አፍ ሳይዛነፍ የሚጠበቅ አይደለም፤ «በገንዘብ ተሸለመ» የሚልም ሞልቷል። በጽሑፍ ግን ብትጠብቁት አንባቢያችሁ ያለ ድካም ይከተላችኋል።

ከዕንቍ ጋር የሚሄድ ሌላም ቃል አለ፤ ይኸውም ፈርጥ ነው። በዛሬው አነጋገር የቀለበት ፈርጥ ስንል ከወርቁ ወይም ከብሩ መካከል የተቀመጠውን ድንጋይ ማለታችን ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘፀአት 28ኛው ምዕራፍ ግን፥ የሊቀ ካህናቱ የአሮን የደረት ኪስ በአራት ተራ፥ በየተራው ሦስት ሦስት ሆነው በተሰደሩ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች እንዲሸለም ሲታዘዝ፥ ፈርጥ የተባለው ድንጋዩን አቅፎ የሚይዘው የወርቅ ሥራ ነው። በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ከዐሥራ ሁለቱ ነገድ የአንዱ ስም ተቀርጾበት ነበርና፥ ካህኑ ወደ መቅደስ ሲገባ ሕዝቡን ሁሉ በደረቱ ላይ ይዞ ይገባ ነበር። ከተማችንን ሐዋሳን ሰዎች የስምጥ ሸለቆ ፈርጥ እያሉ ሲያሞግሷት ትሰማላችሁ፤ በሁለቱም ፍቺ ብትመለከቱት ውዳሴው ይስማማታል።

አንጥረኞቻችን በዚህ ጥበብ ከጥንት ጀምሮ የተካኑ ናቸው። የአክሱም ነገሥታት ባሳተሟቸው የብርና የነሐስ ገንዘቦች ላይ በንጉሡ ምስል ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር፤ ይህም በዘመኑ ከነበሩት መንግሥታት ገንዘብ አክሱምን ልዩ ያደረጋት ሥራ ነው። ለዕለት መገበያያ የሚሆን ትንሽ ነሐስ እንኳ ሳይሸለም እንዳይወጣ የፈቀደ መንግሥት ምን ያህል ውበትን ያከብር እንደ ነበር አስቡት። በኋለኛውም ዘመን 1780 የሚል የአውሮፓውያን ዓመት የተጻፈበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ከገበያ ወደ አንጥረኛው እሳት እየገባ፥ ድሪና አልቦ፥ አምባርና የአንገት መስቀል ሆኖ ይወጣ ነበር፤ የአያቶቻችን ጌጥ አብዛኛው ትናንት ገንዘብ የነበረ ብር ነው።

ስለ ድንጋዮቹ ራሳቸው ጥቂት ልጨምር፤ ይህ ክፍል ከሐዋሳ በስተ ደቡብ ላሉት አድማጮቻችን በተለይ የቀረበ ነው። በዘፀአትና በራእይ ዝርዝር ውስጥ መረግድ የሚባል አረንጓዴ ድንጋይ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በጉጂ ምድር፥ በሻኪሶ አካባቢ ብዙ መረግድ በመገኘቱ፥ ወርቅ በማውጣት ይታወቅ የነበረው ያ አገር በዓለም የዕንቍ ገበያ በሌላ ስም ተጠራ። ነጋዴዎቹ ኤመራልድ ይሉታል፤ ለመነጋገር የሚያስቸግር ባይሆንም፥ መረግድ የሚል የአባቶች ስም እያለን በባዕድ ስም ብቻ መጥራታችን ያሳዝነኛል። ደግሞም በዚያው ዝርዝር ቢረሌ የሚባል ሌላ ድንጋይ ተጠቅሷል። የጥንት ሰዎች ሁለት አድርገው የቈጠሯቸውን የዛሬዎቹ የማዕድን ሊቃውንት ሲመረምሩ፥ መረግድ ራሱ ከቢረሌ ወገን ሆኖ፥ አረንጓዴ መልኩን ያገኘው በውስጡ ከገባው እጅግ ጥቂት ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም መሆኑን አስረድተዋል።

በሰሜን በኩል ደግሞ በወሎ፥ በደላንታ፥ በወገል ጤና አካባቢ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የታወቀው ኦፓል አለ። የአካባቢው ሰዎች በገደሉ ወገብ ላይ ወደ ውስጥ እየቦረቦሩ፥ ብዙ ጊዜም ነፍሳቸውን ለአደጋ እያጋለጡ የሚያወጡት ይህ ድንጋይ፥ ውሃ ያለበት ሲሊካ ነው። በውስጡ ያሉት ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን እንክብሎች በሥርዓት በተደረደሩበት ቦታ ብርሃን ሲያልፍ ይበታተንና፥ ድንጋዩን ባንቀሳቀስነው ቍጥር ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ እየተፈራረቀ ይታያል፤ ቀለም የተቀባ አይደለም፥ ብርሃኑ ነው ቀለም የሚሆነው። የወሎው ኦፓል አንድ ልዩ ጠባይ ስላለው፥ ቀለበቱን በእጃችሁ ያደረጋችሁ ሁሉ ልብ በሉ፦ ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ በቈየ ጊዜ የቀለሙ ጨዋታ ይደበዝዝና ድንጋዩ እንደ መስተዋት ግልጽ ይሆናል፤ በራሱ ጊዜ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ብዙዎች በዚህ ደንግጠው የሐሰት ድንጋይ ተሸጠልን እያሉ ሻጩን ይከሳሉ፤ ወይም በእሳት አጠገብ ሊያደርቁት ሲሞክሩ ይሰነጥቁታል። ዕቃ ስታጥቡ፥ ልብስ ስታጥቡ፥ ሐይቅም ስትገቡ አስቀድማችሁ አውልቁት፤ ሳሙናና ዘይት ከውሃው ጋር ከገቡበት መልኩን ያበላሹታልና።

ከእነዚህ ድንጋዮች ብዙው ሳይቈረጥና ሳይወለወል ከአገር ይወጣል። የመረግድ ጥሬ ድንጋይ በእጅ ሲይዙት ለማያውቅ ሰው ከጠርሙስ ስባሪ ብዙ አይለይም፤ ገጽታው ተስተካክሎ ሲቈረጥ፥ ብርሃን የሚገባበትና የሚወጣበት ማዕዘን ሲበጅለት፥ በወርቅም ሲታቀፍ ነው ለሽልማት የሚበቃው። ከማዕድኑ የሚገኘው ትልቁ ዋጋ ያለው በዚህ ሥራ ላይ ስለ ሆነ፥ በሐዋሳም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ያሉ የወርቅና የብር ሠራተኞች ልጆች ድንጋይ መቍረጥን እንዲማሩ ከልቤ እመኛለሁ፤ ለሥራቸውም ስም ሲያወጡ፥ በሱቃቸው በር ላይ «ሽልማት ቤት» ብለው ቢጽፉ፥ ዋንጫ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ቢኖር እንኳ ምን ማለት እንደ ሆነ ከእነርሱ ሰምቶ ይሄዳል።

ክቡራንና ክቡራት አድማጮች፥ በሚቀጥለው ዝግጅታችን ድሪ፥ ማርዳና አልቦ ስለሚባሉት ጌጦች፥ በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚዋሉና እንዴት እንደሚሠሩ እንነጋገራለን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።